እሜቴ እና አዲሱ መብራት

አማቱን የማይፈራ ወንድ አለ የሚል ሰው አንድም ሚስት አላገባም፣ አንድም ይዋሻል። የእኛ ሰው ፍርሃት ደግሞ ድርብ ነበር። አማቱ በቤት አማቱ ናቸው፤ በሥራ ቦታ ደግሞ የቴአትር ቤቱ ዋና ተዋናይት። እሱ የመድረኩ መብራት ባለሙያ ነው። ስለዚህ እሑድ ምሳ ላይ "ሾርባው ጨው በዛበት" ብለው የሚያጉረመርሙት ሴት፣ ሰኞ ጠዋት መድረክ ላይ ቆመው "ምነው፣ ዛሬ አፍንጫዬን ብቻ ነው እንዴ የምታበራው?" ይሉታል። ማምለጫ የለውም።

ተዋናዮቹ "አምፖሉ" ነው የሚሉት። ሥራው መብራት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ስለሌለችም ነው። አማቱን ደግሞ ሁሉም "እሜቴ" ይላቸዋል። በወጣትነታቸው የባለጸጋ እመቤት ሆነው ደጋግመው ስለተጫወቱ ስሙ ከመድረክ አብሯቸው ወረደና በዚያው ቀረ። የቴአትር ቤቱን አልባሳት የምትሰፋው የገዛ ልጃቸው፣ የአምፖሉ ሚስት፣ ስትናደድ እሷም "እሺ እሜቴ!" ትላቸዋለች።

አምፖሉ በመብራት ያበደ ሰው ነው። በእሱ ዓይን አንድ መብራት ብቻ ያለው ክፍል ክፍል ሳይሆን መጋዘን ነው። በራሱ ሳሎን ሰው ሳይደናቀፍ እንዲገባ የሚያበራ አጠቃላይ መብራት አለ፤ ሚስቱ መርፌ እንድታይበት ከወንበሯ አጠገብ የሥራ መብራት አለ፤ ከዚያ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫው ላይ ብቻ የምታርፍ፣ ለጌጥ የተሰቀለች ትንሽ መብራት አለች። "በዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ ማሰሮው ይታያል" ትላለች ሚስቱ። እንግዳ መጥቶ መጸዳጃ ቤት ልግባ ካለ ትክክለኛውን ማብሪያ ለማግኘት ሰው ተከትሎት መሄድ አለበት።

መድረክ ላይ ሲሆንማ አይጣል ነው። ለአዲስ ተዋናይ ሁሉ ያንኑ ትምህርት ይሰጣል። "ከፊት ብቻ ያበራኸው ፊት ሰሃን ነው። ከጎን ስትጨምርበት አፍንጫና ጉንጭ ያወጣል። ከኋላ ስትጨምርበት ከመጋረጃው ይላቀቅና ሰው ይሆናል። ታዲያ ይህን ሁሉ እኔ ብደክምበት አንተ ብርሃኑ ውስጥ ካልቆምክ ምን ዋጋ አለው?" ይላል። ከዚያ ጣቱን ወደ እሜቴ ይቀስራል። "እሳቸውን እይ። ወለል ሳያዩ፣ ቀና ሳይሉ፣ ልክ መሀሉ ላይ ይቆማሉ። ይሄ ነው ተዋናይ ማለት።" እሜቴም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ አረማመዳቸው ግን ትንሽ ይቀየራል።

አሮጌዎቹ መብራቶች እያንዳንዳቸው የባልዲ ያህል ነበሩ። ኤሌክትሪኩን ይጠጡታል፣ ፊውዝ ያቃጥላሉ፣ የተዋናዩን ሜካፕ እያቀለጡ አንገቱ ላይ ያወርዱታል። አምፖሉ ሥራ አስኪያጁን ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ጊዜ ለምኖ፣ በመጨረሻ ዘንድሮ አዲሶቹ ኤልኢዲ መብራቶች መጡለት። ቀላል፣ ዝምተኛ፣ በአንድ ጣት ከሰማያዊ ወደ ወርቃማ የሚለወጡ። ያን ሰሞን አዲስ ሙሽራ መስሎ ነበር የሚሄደው። ሚስቱ "እኔን ስታገባ እንዲህ አልሳቅህም" አለችው።

በእነዚህ መብራቶች የሚከፈተው የመጀመሪያው ቴአትር ልጆቿ ሁሉ ጥለዋት የሄዱ እናት ታሪክ ነው፤ እናቲቱ እሜቴ ናቸው። መጨረሻ ላይ መድረኩ ይደበዝዛል፤ መሀል ላይ አንዲት ክብ ብርሃን ብቻ ትቀራለች። እናትየው ከጨለማው ወጥታ እየተራመደች ትመጣለች፣ ክቧ ውስጥ ትቆማለች፣ ቀና ትልና ያንን ረጅም ንግግሯን ትናገራለች። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ለዚች ቅጽበት መንገድ መጥረጊያ ነው።

በመጀመሪያው ልምምድ እሜቴ አንድ እርምጃ ቀደም ብለው ቆሙ። ጫማቸው በራ፣ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ቀረ። "እሜቴ፣ ትንሽ ወደ ፊት!" አለ የቴአትሩ አዘጋጅ። በሚቀጥለው ቀን አልፈውት ሄዱ። ከዚያ ወደ ግራ ሳቱት። በሌላ ቀን ወደ ቀኝ። አንድ ጊዜ መድረኩን በሙሉ አቋርጠው ለመድረኩ ከተሠራው ቤት በር ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እሜቴ ብርሃናቸውን ሲስቱ ያየ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

አምፖሉ መሰላሉን ተሸክሞ ላይ ታች አለ። መብራቱን አቃና፤ አልሆነም። ክቧን አሰፋት፤ አዘጋጁ "ይሄ እኮ የብቸኝነት ትዕይንት ነው፣ የሠርግ አዳራሽ አስመሰልከው!" ብሎ ጮኸበት። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ለጠፈ፤ እሜቴ ፕላስተሩን ለማየት ወደ መሬት እያዩ ሲራመዱ ልጆቿን ያጣች እናት መሆናቸው ቀርቶ ሳንቲም የወደቀባት ሴት መሰሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው።

አዘጋጁ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ክፉ አይናገርም፤ ጥርሱን ግን መንከስ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን አምፖሉን ከመጋረጃ ጀርባ ጎተት አደረገው።

"እሜቴን እወዳቸዋለሁ" አለው። "ግን..."

ከ"ግን" በፊት የሚባል ነገር ሁሉ ለይሉኝታ መሆኑን አምፖሉ ያውቃል።

"ግን የሚከፈተው ከሚመጣው እሑድ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። ሌላ ቴአትር ቤት ያለች አንዲት ጎበዝ ተዋናይት ቃሉን በቃሏ አጥንታዋለች አሉ። አንተ አማቻቸው ነህ፤ እንዲያው በዘዴ..."

"እኔ?" አለ አምፖሉ። "እኔ ሾርባ ጨው በዛበት ስባል እንኳ መልስ የለኝም።"

በየጥጉ ሹክሹክታው በርትቶ ነበር። ሜካፕ የምትቀባዋ "ዕድሜ ነው" አለች፤ በረኛው "ዕድሜ ነው" አለ። መቼም እውነቱን መናገር ይሻላል፤ አምፖሉም በልቡ "ዕድሜ ነው" ብሎ ነበር።

እሑድ እሜቴ እንደ ልማዳቸው ለምሳ መጡ። ሾርባውን ጠጥተው ዝም አሉ። "ጨው በዛበት" አላሉም፣ "አነሰው" አላሉም። አምፖሉ ደነገጠ። የእሜቴ ቁጣ የለመደው ነገር ነው፤ ዝምታቸው ግን አዲስ ነበር። ልጃቸው ሰሃኖቹን ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳብ አደረጉ።

"አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለልጄ ግን ትንፍሽ እንዳትል።"

"ኧረ ምን በወጣኝ፣ እሜቴ።"

"ራሴ እየከዳኝ ነው።"

አምፖሉ ወደ ማድ ቤቱ በር አየ።

"ድሮ አስቤበት አላውቅም" አሉ። "እሄዳለሁ፣ የሆነ ቦታ ስደርስ 'እዚህ ነው' ይለኛል፣ እቆማለሁ። አሁን የሚለኝ ጠፋ። ጭልጥ ያለ ሜዳ ላይ እንደተጣለ ሰው ነው የምሆነው። አልፎ ተርፎ በቀደም ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት።"

"ቁልፍማ እኔም..."

"አንተ ድሮም ነህ።" ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። "እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ቦታ ጠፋባት፤ ኋላ ሰው ጠፋባት። መጨረሻ ላይ 'አንቺ ልጅ የማን ነሽ?' ትለኝ ነበር።"

ማድ ቤት ውስጥ ሰሃን ተንኳኳ። እሜቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ሰው መጥቶ 'በቃዎት' ሳይለኝ በራሴ እግር ልውረድ። ለዚያ ለአዘጋጁ አንተ ንገርልኝ። እኔ ከነገርኩት አለቅሳለሁ፤ ለእሱ ደግሞ እንባዬን በነጻ አላሳየውም።"

አምፖሉ "እሺ" አለ። ሌላ ምን ይበል? ያን ቀን ማታ ሳሎኑ ውስጥ አንድም መብራት ሳያበራ ተቀመጠ። ሚስቱ ፊውዝ የተቃጠለ መስሏት ሳጥኑን ከፍታ አየች።

በማግስቱ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄዶ በሩን ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ መለሰው። ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። አዘጋጁ ራሱ በሩን ከፍቶ "ምን ልርዳህ?" ሲለው "የመድረኩ ጣውላ ይንቋቋል፣ እሱን ልነግርህ ነው" ብሎ ሄደ። ከዛሬው ልምምድ በኋላ እነግረዋለሁ አለ ለራሱ። ከልምምዱ በፊት ለምን እንደማይሆን ራሱን አልጠየቀውም።

አዳራሹ ያን ሰሞን ይበርድ ነበር። ሚስቱ ከመድረኩ በስተቀኝ፣ መጋረጃው ጥግ ላይ ቆማ የእሜቴን ትርፍ ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች፤ ጣቷ እየደነዘዘ ስላስቸገራት ከመጋዘን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አምጥታ ከፍ ያለ ሣጥን ላይ አስቀምጣዋለች። አምፖሉ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ሆኖ ያያል።

መጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። መድረኩ ደበዘዘ፤ ክቧ ብርሃን መሀል ላይ ቀረች። እሜቴ ከጨለማው ወጡ። ወደ ክቧ መጡ፣ መጡ፣ ጫፏን ረገጡና አለፏት። አዘጋጁ ዓይኑን ጨፈነ። እሜቴ ቀጥ ብለው ወደ ቀኝ ሄዱ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ቀስ አለ፣ አንገታቸው ትንሽ ዘንበል አለ፣ ቆሙ። ፊታቸው ተፈታ። ቀና አሉና ተናገሩ።

እንዴት ያለ ንግግር! ድምፃቸው የኋላ ወንበሮች ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በረኛው በሩን ትቶ መጣ። ሜካፕ የምትቀባዋ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ችግሩ፣ ግማሽ አካላቸው መጋረጃው ውስጥ ነው፤ ያንን ልብ የሚሰብር ንግግር የሚናገሩት ደግሞ ለማሞቂያው ነው። ልጃቸው መርፌ በጥርሷ ነክሳ፣ ቀሚሱን ታቅፋ፣ እስትንፋሷን ይዛ ከፊታቸው ቆማለች።

"በቃ" አለ አዘጋጁ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ። "አሁንስ በቃ።"

አምፖሉ ግን ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ ራሱ ከኮርኒሱ ጋር ተላተመ። ሳያሻሸው እንኳ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። መድረክ ላይ ወጥቶ ለማንም ሳይናገር ማሞቂያውን ነቀለ፣ ታቅፎ ወደ ግራ ጥግ ወሰደው፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰካው።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ አዘጋጁ።

"አንዴ ታገሠኝ። እሜቴ፣ እባክዎ እንደገና ከመነሻው።"

እሜቴ የሚያለቅሱ መስለው ነበር። "ምን ልሁንልህ? ለምን አትተወኝም?"

"ለመጨረሻ ጊዜ። በልጅዎ ይዤዎታለሁ።"

ተመለሱ። እንደገና ከጨለማው ወጡ፣ መጡ፣ ክቧን አለፉ፤ አሁን ግን ወደ ግራ ታጠፉ። ማሞቂያው ጋ ሲደርሱ አንገታቸው ዘንበል አለ። ቆሙ። ቀና አሉ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አምፖሉ ሳቁን ለቀቀው። ጉልበቱን እየመታ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ።

"እብደት በጋብቻም ይተላለፋል እንዴ?" አለ በረኛው።

"እሜቴ" አለ አምፖሉ ሳቁን እየዋጠ፣ "ያ 'እዚህ ነው' የሚልዎት ነገር ጉንጭዎ ነው!"

"ምኔ?"

"ጉንጭዎ! አሮጌዎቹ መብራቶች እሳት ነበሩ። የብርሃኑ መሀል ላይ ሲደርሱ ሙቀቱ ጉንጭዎን ይነካዋል፣ ጉንጭዎ ለእግርዎ ይነግረዋል፣ እግርዎ ይቆማል። ዕድሜዎን ሙሉ በዓይንዎ ፈልገውት አያውቁም። አዲሶቹ ያበራሉ እንጂ ሰው አያሞቁም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። መንገድዎን ነቅዬ መጋዘን ከተትኩት፤ ከዚያ 'ዕድሜ ነው' አልኩ!"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ቤቱ ሁሉ ስንት ቀን የእሜቴን ጭንቅላት ሲመረምር ከርሞ፣ ጥፋቱ ኮርኒሱ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

እሜቴ እጃቸውን ቀስ ብለው አንስተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ማሞቂያውን አዩት። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ አዲሶቹ መብራቶች አዩ።

"ስለዚህ... ራሴ አልከዳኝም?"

"አልከዳዎትም።"

"እንደ እናቴ አልሆንኩም?"

"አልሆኑም፣ እሜቴ።"

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። አዘጋጁ እንባቸውን በነጻ አየ፤ እሱም አፍንጫውን ሲጠርግ ታይቷል። ልጃቸው መርፌዋን ከአፏ አውጥታ "እማዬ፣ እንዲህ እያሰብሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ?" ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ትንሽ ቆይተው እሜቴ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ተነሡ፣ አንድ ጫማቸውን አወለቁ።

"ና አንተ መላጣ!" አሉ። "ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኸኝን ና ልክፈልህ!"

አምፖሉ በወንበሮቹ መሀል ሸሸ፤ እሜቴ በአንድ እግራቸው ጫማ እያነከሱ አሳደዱት። የሚስቱን እርዳታ ቢለምን እሷም መቀስ ይዛ "ለእኔ ያልነገርከኝ አንተም ነህ!" እያለች በሌላ በኩል መጣችበት። ዕድሜ ነው ሲሉ የከረሙ ሁሉ እሜቴ እንዴት እንደሚሮጡ በዓይናቸው አዩ።

ከሳቁ በኋላ ሥራው መጣ። "ማሞቂያውን መሀል እናስቀምጠው?" አለ አዘጋጁ፤ አምፖሉ ግን ወደ መጋዘን አመራ። ከአሮጌዎቹ መብራቶች አንዱን አወጣ፣ አቧራውን ጠረገና ከክቧ በላይ ዝቅ አድርጎ፣ ከተመልካች በመጋረጃ ጠርዝ ጋርዶ ሰቀለው። ሙሉ ሲያበራው ቢጫነቱ የአዲሶቹን ብርሃን አበላሸው። ስለዚህ በማደብዘዣው ቀነሰው፣ ቀነሰው፣ ውስጡ ያለችው ክር የፍም ያህል እስክትቀላ ድረስ። ብርሃኑ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ግን ይወርዳል። ከሥሩ ሄዶ ቆመ። መላጣው ላይ አንድ ሰው መዳፉን ያሳረፈበት ያህል ሞቀው። ዕድሜውን ሙሉ ለዓይን መብራት የሰቀለ ሰው ለጉንጭ ሲሰቅል የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አለው።

እሜቴ ሞከሩት። ወጡ፣ መጡ፣ ክቧ መሀል ቆሙ። "አለ" አሉ በለሆሳስ። "መጣ።" ደግመው ሞከሩት፤ በሦስተኛው አዘጋጁ ያቺን ሌላ ተዋናይት በስልክ ይቅርታ ሊጠይቃት ወጣ።

ቴአትሩ የተከፈተው በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አምፖሉ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተቀምጧል። በልምምድ መሳካት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት ሌላ ነው። ይህን ያህል ሰው ትንፋሹ ብቻ አዳራሹን ያሞቀዋል። ያቺ የፍም ያህል ሙቀት በዚህ ሁሉ መሀል ብትሰወርባቸውስ? አንድ ጊዜ ዛሬ ከሳቱ፣ ነገ የጉንጩን ነገር ራሳቸውም አያምኑትም።

መድረኩ ደበዘዘ። አሮጌውን መብራት ከሁሉ አስቀድሞ፣ በጣም ቀስ አድርጎ አስነሳው፤ ማንም አላየውም። ክቧ በራች። እሜቴ ከጨለማው ወጡ። እየተራመዱ፣ ዓይናቸው ተመልካቹ ላይ፣ መጡ። ክቧ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ግማሽ እርምጃ ጨመሩ። አንገታቸው ትንሽ፣ እሱ ብቻ እንደሚያውቀው ትንሽ፣ ዘንበል አለ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ብርሃኑ አንድም ሳይጎድል ሙሉ ፊታቸው ላይ አረፈ።

ንግግሩን ተናገሩ። ከመጨረሻዋ ቃል ቀጥሎ መብራቱን በአንዴ ድርግም ማድረግ የአምፖሉ ሥራ ነው፤ አዘጋጁ መቶ ጊዜ አስጠንቅቆታል። የመጨረሻዋ ቃል ተባለች። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው። ጣቱ አልተነቃነቀም። እሜቴ ብርሃናቸው ውስጥ ቆመዋል፤ ጨለማውን ይጠብቃሉ፤ ጨለማው አይመጣም። እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ጉንጫቸው ላይ ሙቀቱ አለ፤ ቆሙበት። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። መጋረጃውን የሚጎትተው ሰውዬ የሚያደርገው ጠፍቶት እሱም አብሮ አጨበጨበ።

በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አዘጋጁ ሊቆጣ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሲስመው ቁጣውን ረሳው። እሜቴ መስታወት ፊት ተቀምጠው ሜካፓቸውን ይጠርጋሉ። አምፖሉ በሩ ላይ ራሱን አጎንብሶ ቆመ።

"ለምንድን ነው ያላጠፋኸው?" አሉት ሳይዞሩ።

"እጄ እምቢ አለኝ፣ እሜቴ።"

በመስታወቱ ውስጥ አዩት። ከዚያ ጥጡን አስቀመጡ።

"ነገም እምቢ ይበልህ" አሉት።